ወደ ባሌ ተራሮች ከመውጣታችሁ በፊት

«ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ተራሮች ልንሄድ ነው፤ ምን ምን መድኃኒት ልያዝ?» የሚለው ጥያቄ ክረምቱ አልፎ ብራ በገባ ቁጥር ወደ ምርመራ ክፍላችን ይመጣል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ የዕድሜ ክልል የሚገኙ የከተማ ወጣቶች ናቸው። ቅዳሜና እሑድ በቡድን ሆነው እንጦጦን፣ የመናገሻ ሱባን ደን፣ ወንጪንና ዝቋላን ሲወጡ ቆይተዋል። አሁን ደግሞ ድንኳን ይዘው፣ ከመኪና መንገድና ከስልክ ኔትወርክ ርቀው ሦስት አራት ሌሊት ለማደር ተነሥተዋል። ቀኑን ሙሉ ከወንበር ለማይነሣ የከተማ ሰው ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሐኪምም ሊያበረታታው ይገባል።

ጥያቄው ግን ከመጨረሻው ተጀምሯል። መድኃኒት በዝግጅቱ ውስጥ ትንሹ ነገር ነው። እንጦጦ ላይ አንድ ሰው ቢታመም ጓደኞቹ ደግፈውት ወርደው ታክሲ ይይዛሉ፤ ከሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥም ሐኪም ፊት ይቀርባል። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከዌብ ሸለቆ ወይም ከራፉ ቋጥኞች አካባቢ የታመመን ሰው ግን በእግር ወይም በፈረስ ለረጅም ሰዓታት ማጓጓዝ ያስፈልጋል። በሌሊት ከሆነ ደግሞ እስኪነጋ መጠበቅ ግድ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚያድነው በቦርሳ የተያዘው ክኒን ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ ከቤቱ ሳይወጣ ያወቀውና የተስማማበት ነገር ነው።

«እኛ ደገኞች ነን» ማለት አይበቃም

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ስለ ከፍታ ያለን መተማመን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ «ከፍታ እኛን አይነካንም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው የተሻለ ዝግጁ ነው። ዝግጁነቱ ግን ለ2 ሺህ 300 ሜትር ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ 3 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዌብ ሸለቆ 3 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ ነው፤ የሳነቴ አምባ ደግሞ በአብዛኛው ወደ 4 ሺህ ሜትር ይጠጋል ወይም ያልፋል። ቱሉ ዲምቱ 4 ሺህ 377 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 60 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባችን የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

በደጋ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሰውነት ከዚህ ጋር የተላመደ መሆኑ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3 ሺህ 530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ የሂሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል አጠገብ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ግን እዚያው ለኖረው፣ አያት ቅድመ አያቱም እዚያው ለኖሩት ገበሬ ነው እንጂ ሲኤምሲ ወይም ጀሞ ተወልዶ ላደገ ወጣት አይደለም። ፈረስ እየነዳ ከፊታችሁ የሚሄደው የዲንሾ ልጅ ሳይደክመው ስላያችሁት እናንተም እንደዚያው ትሆናላችሁ ማለት አይቻልም። ከድሬዳዋ፣ ከጋምቤላ ወይም ከአፋር የሚመጣ ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ለዕረፍት መጥቶ ቦሌ ባረፈ በማግሥቱ ወደ ባሌ ለመንዳት የሚያስብ ወገናችንም ቢያንስ ሁለት ሦስት ሌሊት አዲስ አበባ ቢያድር ይበጀዋል።

ሌላው የተሳሳተ ግምት «ስፖርተኛ ነኝ» የሚለው ነው። የአካል ብቃት ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጠንካራው ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣና ሲያመውም ስለሚደብቅ አንዳንዴ ይበልጥ ይጎዳል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ ቀስ ብሎ መውጣት። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የማደሪያ ቦታችሁን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉ፤ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው እደሩ። ቁም ነገሩ የምታድሩበት ቦታ ነው። ቀን ላይ ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ተመልሶ ዝቅ ብሎ ማደር ይቻላል፤ ሰውነትንም ያለማምዳል። በዚህ ስሌት የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ፣ ሁለተኛውን 3 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ በዌብ ሸለቆ፣ ሦስተኛውን ከ3 ሺህ 900 ሜትር በማይበልጥ ቦታ ማድረግ ልክ ነው።

አደገኛው በመኪና መሄድ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ መኪናን 4 ሺህ ሜትር ላይ ያወጣዋል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስም በመኪና መድረስ ይቻላል። ጠዋት ሐዋሳ የነበረ ቡድን ማታ ሳነቴ ላይ ድንኳን ሊተክል ይችላል ማለት ነው። ሐዋሳ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ላይ የሚገኘው ሰውነት ገና ምን እንደደረሰበት ሳያውቅ ይመሻል።

ይሉኝታና ራስ ምታት

የከፍታ ሕመም ከደረሱ ከስድስት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በራስ ምታት ይጀምራል። ከራስ ምታቱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላት፣ መድከም፣ ማዞር ወይም እንቅልፍ ማጣት ይኖራል። ከአረቄ በኋላ በማግሥቱ የሚሰማውን ስሜት ለሚያውቅ ሰው መልኩ ተመሳሳይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ከፍታ ላይ አርፎ፣ ፓራሲታሞል ወስዶ፣ ፈሳሽ ጠጥቶ አንድ ሁለት ቀን ሲቆዩ ይለቃል። እስኪለቅ ድረስ ግን ወደ ላይ አንድ እርምጃም አይኬድም።

ሁለት መልኮቹ ግን ሰው ይገድላሉ። አንደኛው አንጎል ሲያብጥ ነው፤ ሰውየው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል፣ ያልተለመደ ጠባይ ያሳያል፣ ወይም ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ ያስቸግራል። ከተጠራጠራችሁ መሬት ላይ መሥመር ሠርታችሁ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት እያስነካ እንዲራመድበት አድርጉ። ካልቻለ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ሁለተኛው ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነው፤ ቁጭ ብሎ ወይም ተኝቶ እያለ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይስላል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ሲብስም ሮዝ አረፋ ያለው አክታ ይተፋል። ይህን ብዙዎች «ብርድ መታው» ወይም «የሳንባ ምች ነው» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ሌሊት ይበረታሉ። ሕክምናቸው አንድ ነው፤ ወዲያውኑ መውረድ። ከ300 እስከ 1 ሺህ ሜትር ድረስ፣ ሕመምተኛው እስኪሻለው መውረድ ያስፈልጋል። ሳንባው የታመመ ሰው በራሱ እግር ሲሄድ ስለሚብስበት ከተቻለ በፈረስ ይውረድ። ለዚህም ነው ዕቃ የሚጭነው ፈረስና ባለ ፈረሱ ማታ ማታ ከሰፈሩ እንዳይርቁ አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው።

እስከ አሁን ያልኩትን ከአስጎብኚም መስማት ይቻላል። የእኛ አገር ተጓዥ ልዩ ችግር ግን ይሉኝታ ነው። ለጉዞው ገንዘብ ተዋጥቷል፣ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ተወስዷል፣ ፎቶ ማንሻው ተዘጋጅቷል። በዚህ መሐል ራሱን ያመመው ልጅ «በእኔ ምክንያት ጉዞው አይበላሽ» ብሎ ዝም ይላል። ከልቡ ነው፤ ጨዋነትም ነው። ጓደኞቹም ፊቱ መጥቆሩን እያዩ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይሉታል። ዝምታውና ማበረታቻው ተደምረው የታመመን ሰው ወደ ላይ ይዘውት ይወጣሉ።

ስለዚህ ቡድኑ ገና አዲስ አበባ እያለ ቡና ጠጥቶ የሚስማማባቸው ነገሮች ያስፈልጉታል። ማንም ሰው ራሱን ቢያመው ይናገራል፤ የተናገረም አይቀለድበትም። ጠዋትና ማታ አንድ የተመደበ ሰው እያንዳንዱን «ራስህን ያምሃል? በልተሃል? ተኝተሃል?» ብሎ ይጠይቃል። የሕመም ምልክት ያለበት ሰው እስኪሻለው ድረስ ቡድኑ በሙሉ እዚያው ያድራል፤ ከባሰበት ሁለት ሰው አብሮት ይወርዳል። ብቻውን የሚወርድ የለም። እነዚህን በጽሑፍ ማስፈርም ይቻላል፤ ሳቅ ይፈጥር ይሆናል፤ ሌሊት 4 ሺህ ሜትር ላይ ግን ክርክር ያስቀራል። የመመለስ ሥልጣን ያለው ሰውም ፎቶ ለማንሳት የቸኮለው አይሁን።

ስለ መድኃኒቱ ላንሣ። አሴታዞላሚድ የሚባለው ክኒን ሰውነት ከከፍታ ጋር ቶሎ እንዲላመድ ይረዳል፤ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። ጣትን ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ፣ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ያለበት ሰው ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር ሊወስደው አይገባም። ቀስ ብሎ ለሚወጣ ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አንዳንዶች ዴክሳሜታዞን ገዝተው «ለመበርታት» ሲወስዱ እሰማለሁ፤ ይህ ለከባድ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ የሕመሙን ምልክት ሸፍኖ ወደ ላይ ያስኬዳል። የእንቅልፍ ክኒንና አልኮል በዚያ ከፍታ ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ ሁለቱም ቤት ይቅሩ።

ጋቢው፣ አረቄውና የከሰሉ ምድጃ

ሳነቴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ሌሊት ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ከመጋቢት በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ዝናብና ጭጋጉ አለ። ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ይህ የኋለኛው ነው፤ ምክንያቱም ርጥበትና ንፋስ ሲገናኙ፣ ውርጭ ባይኖርም እንኳ የሰውነት ሙቀት በፍጥነት ይወርዳል።

ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ምቾቱን የሚያህል የለም፤ ከራሰ ግን ውኃውን ይዞ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብም እንዲሁ። ደገኞቹ በርኖስ የሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሱፍ ቢርስም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ከሥር ላብ የሚያደርቅ ልብስ፣ ከመሐል ሱፍ ወይም ፖላር፣ ከላይ ዝናብና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ በተጨማሪም ኮፍያና ጓንት ያስፈልጋሉ። ጋቢውንም ያዙት፤ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለመኝታ ብቻ ይሁን። አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስና ካልሲ በምንም ሁኔታ እንዳይረጥብ ለብቻው ይታሰር። ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ወይም ስትከራዩ ከዜሮ በታች ለሆነ ቅዝቃዜ የተሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ከሌለ ግን ብርዱ ከመሬት ይመጣል።

የሰውነቱ ሙቀት መውረድ የጀመረ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይደነቃቀፋል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ ቃላት ይጎትታል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ደህና ሆነ ማለት አይደለም፤ የባሰ ምልክት ነው። ከንፋስ አስጠልሉት፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቡት፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን አትሹት። አረቄም አትስጡት። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ ነው፤ ፊት ይሞቃል፣ ልብ ይበርዳል።

ከሁሉ የከፋው ግን የከሰሉ ምድጃ ነው። ማታ ብርዱ ሲበረታ «ፍሙን ጥቂት ድንኳን ውስጥ እናስገባው» የሚል ሰው አይጠፋም። የከሰል ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በደማችን የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በከተማ ቤት ውስጥ በዚህ ምክንያት ሰው እንደሚሞት ሁላችንም ሰምተናል፤ ዚፑ የተዘጋ ድንኳን ደግሞ ከቤት ይልቅ ጠባብ ነው፤ አየሩም አስቀድሞ የሳሳ ነው። በጋዝ የሚሠራ ትንሽ ምድጃም ድንኳን ውስጥ አይለኮስም። የመመረዙ ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ከከፍታ ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ነው። በአንድ ድንኳን ያደሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙና ውስጡ ፍም ከነበረ ከፍታውን ትታችሁ ፍሙን ጠርጥሩ። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ንጹሕ አየር ያግኙ፤ ራሱን የሳተ ወይም የተደናገረ ካለ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መውረድ አለበት። ለማሞቅ ከፈለጋችሁ ውኃ አፍልታችሁ በማይፈስ ኮዳ አድርጉና በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አስቀምጡት።

ውኃና ስንቅ

የተራራ ምንጭ ጥርት ብሎ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ከላይ ግን ከብት ይሰማራል፣ ሰውም ይኖራል። ውኃውን አፍሉት፤ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላም ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ በከፍታ ቦታ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ነው ጊዜው የሚረዝመው። ውኃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ማከሚያም ይረዳል፤ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ፣ የደፈረሰውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን እንደ ጃርዲያ ያሉትን ጥገኛ ተዋሲያን በደንብ ስለማይገድል የምመርጠው ማፍላቱን ነው። ሽንታችሁ ገርጣ ያለ ቢጫ እስከሆነ ድረስ በቂ እየጠጣችሁ ነው። ለመጸዳዳት ከውኃው ራቁ፣ ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ሳሙናውን ከድንኳኑ በር አጠገብ አስቀምጡ፤ በቡድን ጉዞ ተቅማጥ የሚዛመተው አብዛኛውን ጊዜ በአብሳዩ እጅ ነው።

ስንቅ ላይ አያቶቻችን ከእኛ የተሻለ ያውቁ ነበር። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ አይበላሹም፣ ቀላል ናቸው፣ ብዙ ማገዶ አይፈልጉም። ባቄላና ምስር በዚያ ከፍታ ለመብሰል ስለሚያስቸግር ሽሮ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ በምንም ምክንያት አይሞከር። በጾም ወቅት የምትሄዱ ሰዎች፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉና ሳይጠጡ ዳገት መውጣት ከባድ መሆኑን አስባችሁ ጉዞውን ሌላ ጊዜ ብታደርጉት ይመረጣል።

ነባር ሕመም ያለባችሁ

አስም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ከመሄድ አይከለከልም። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ግን ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ይነጋገር። ግፊት ከፍ ባለ ቦታ ሊጨምር ስለሚችል «ደህና ነኝ» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። የአስም ሕመምተኛ ፓፉን በቦርሳ ሳይሆን በደረት ኪሱ ይያዝ፤ ቀዝቃዛ ደረቅ አየር አስሙን ይቀሰቅሰዋል። ኢንሱሊን ከበረደ በኋላ ቢቀልጥ ከጥቅም ውጭ ነው፤ ሌሊት ሰውነታችሁ አጠገብ ይደር። ብዙ በተራመዳችሁ ቀን ስኳር ሊወርድ ስለሚችል ከረሜላ ከእጃችሁ አይለይ፤ አብሯችሁ የሚሄደው ሰውም ምልክቱን ይወቅ። የልብ ሕመም፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ወይም ያልታከመ ደም ማነስ ያለባቸው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ሐኪማቸው ሳይፈቅድ ወደ ሳነቴ አይውጡ። የመጨረሻው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ መቼ እንደነበረ ካላስታወሳችሁ ይህንንም በዚያው ቀን ጠይቁ።

ጉልበትና እግር

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት ልምምድ ጀምሩ። ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የምትሸከሙትን ያህል ክብደት ይዞ እንጦጦ መውጣት ይበቃል። ጉልበትን የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፤ ዱላ ይዛችሁ ውረዱ። ለጉዞው የተገዛ አዲስ ጫማ በጉዞው ቀን አይመረቅም። ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ አድርጉት። የእግር ጥፍር አጭር ይቆረጥ። መንገድ ላይ ተረከዛችሁ መቆርቆር ሲጀምር እዚያው ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ውኃ እስኪቋጥር ከጠበቃችሁት የቀሩትን ቀናት በፈረስ ትሄዳላችሁ።

ፀሐይንም አትናቁ። በየ1 ሺህ ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል። ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የከንፈር ቅባት ያስፈልጋሉ።

የእረኛው ውሻ

ባሌ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ ብዙዎች የሚሄዱትም እሱን ለማየት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ አካባቢ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የፈጀ በሽታ መሆኑን ግን ጥቂት ተጓዥ ነው የሚያውቀው። በሽታው የሚሻገርባቸው በከብት ጠባቂዎቹ ውሾች ነው። ስለዚህ ውሻ አትጥሩ፣ ምግብ አትወርውሩ፣ የታመመ ወይም ሰው የማይፈራ እንስሳ ካያችሁ ራቁና ለአስጎብኚያችሁ ንገሩ። ድንገት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ቅጠል፣ ቡና ወይም ሌላ ነገር አታድርጉበት። ከዚያ ጉዞው አብቅቷል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውረዱ። የበሽታው ምልክት ከጀመረ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ክትባቱ በጎባ፣ በሮቤ ወይም በሻሸመኔ የት እንደሚገኝ ከመነሣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ወደ ሐረና ደን ዝቅ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ እባብም አለ። የተነደፈውን ቦታ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ሰውየው ሳይንቀሳቀስ፣ የተነደፈው እጁ ወይም እግሩ እንደተሰበረ አጥንት ተደግፎ ይወሰድ።

ከቦርሳው በፊት አንድ ወረቀት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ምን ምን መድኃኒት? ፓራሲታሞል፣ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ለምለም ከአምስት እስከ ስድስት ከረጢት (አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር የታከመ ውኃ ነው)፣ ፕላስተርና የጨርቅ ፋሻ፣ የቁስል ማጽጃ፣ የአለርጂ ክኒን፣ ቴርሞሜትር፣ መቀስ፣ በግል የምትወስዱት መድኃኒት ከጉዞው ቀን ሁለት እጥፍ ተደርጎና በሁለት ቦርሳ ተከፍሎ። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝታችሁ «ለማንኛውም» አትያዙ፤ ራስ ምታትንም ተቅማጥንም በእሱ ለማከም ስትሞክሩ ትክክለኛው ሕክምና ይዘገያል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ወረቀት ጻፉ። የተጓዦች ስም፣ የእያንዳንዱ ሕመምና አለርጂ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የቤተሰብ ስልክ፣ በየትኛው ሌሊት የት እንደምታድሩ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ለሚቀር ሰው፣ ሌላው ዲንሾ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። ቤት የቀረው ሰው ካልደወላችሁለት በየትኛው ሰዓት ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ማለት ነው። ኔትወርኩ የት የት እንደሚይዝ ከአስጎብኚው በላይ የሚያውቅ የለም፤ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁት።

ከተመለሳችሁ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ሳነቴ ላይ ወባ የለም፤ መንገዱ ወደ ደሎ መና ሲወርድ ግን ከ1 ሺህ 500 ሜትር በታች ወዳለው የወባ አገር ትገባላችሁ። እዚያ ካደራችሁ አጎበር ያስፈልጋችኋል። ከተመለሳችሁ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ አልፎ አልፎም ከወራት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ስትመረመሩ ደሎ መና ማደራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚመረምራችሁ ባለሙያ ካልነገራችሁት ወባን ቀድሞ ላያስብ ይችላል።